ያልተመዘነ ሸክም

ሳሪስ፣ አደይ አበባ አካባቢ አንድ ልብስ ሰፊ አለ። እናቴ የድሮ ደንበኛው ናት፤ እኔም ወርሼዋለሁ። ጥምቀት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጨርቄን ይዤ ሄድኩ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባል የለ? ሜትሩን ከአንገቱ አወረደና ትከሻዬን ለካ፤ ጻፈ። ደረቴን ለካ፤ ሊጽፍ እርሳሱን አነሳና ተወው። እንደገና ለካ። ከዚያ ቀና ሳይል ጠየቀኝ፤

«እህቴ፣ በትከሻሽ ልስፋው ወይስ በደረትሽ?»

ሰውየው ክፉ አይደለም፤ የጨርቅ ጥያቄ ነው የጠየቀው። በትከሻዬ ልክ ከሰፋው ደረቴ ላይ አይዘጋም። በደረቴ ልክ ከሰፋው ደግሞ ትከሻው ክንዴ ላይ ይወርዳል። «እንደ ወትሮው በደረቴ» አልኩት። ሃያ ዓመት ሙሉ የመለስኩት መልስ ነው። የዚያን ቀን ግን ጥያቄው እቤት ድረስ ተከተለኝ።

ሥራዬ ታሪክ ማስተማር ነው። የታሪክ አስተማሪ ደግሞ አንድ ነገር ሲያስጨንቀው ወደ ኋላ ሄዶ መዛግብት ማገላበጥ ይቀናዋል። እኔም ያንን አደረግሁ። ያገኘሁትን ከማውራቴ በፊት ግን እስቲ ስለ ራሴ በግልጽ ልናገር።

ጡቴ በጣም ትልቅ ነው። ይህንን ስል ፈገግ የምትሉ ወንዶች እንደማትጠፉ አውቃለሁ። «ምነው ለእኔ በሆነ» የምትሉ ሴቶችም አላችሁ። ብቻ ልንገራችሁ። ማታ ጡት ማስያዣዬን ሳወልቅ ማንገቻው ትከሻዬ ላይ ያወጣው ቦይ ጣት ያስገባል። ሙቀት በሆነ ቁጥር ከጡቴ ሥር ያለው ቆዳ ይላጣል፣ ይቆስላል፤ በቅባት ይድንና ተመልሶ ይመጣል። አምስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ስደርስ አንገቴ ይደርቃል፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምጽፍበት እጄ ይደነዝዛል። በሆዴ መተኛት የቀረው ገና ተማሪ ሳለሁ ነው። ለታክሲ አልሮጥም፤ የሮጥኩ ዕለት መንገዱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ተመልካች ይሆናል። የልኬን ጡት ማስያዣ ሱቅ ውስጥ ስለማላገኝ ከልባሽ ጨርቅ ክምር ውስጥ ስፈልግ እውላለሁ።

የጀመረው ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። በአንድ ክረምት የክፍል ጓደኞቼን ሁሉ ቀደምኩ። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ሌላ ስም ወጥቶልኝ ጠበቀኝ፤ ስሙን እዚህ አልጽፈውም። በስፖርት ክፍለ ጊዜ «አሞኛል» ማለትን፣ ደብተሬን ደረቴ ላይ አቅፌ መሄድን፣ ትከሻዬን ወደ ፊት ሰብስቤ መጉበጥን የተማርኩት ያኔ ነው። እናቴ «ቀጥ በይ እንጂ! የሽማግሌ ጀርባ አወጣሽ እኮ!» ትለኝ ነበር። ዛሬም የስም መጥሪያውን እንደዚያ አቅፌ ነው ክፍል የምገባው።

አሁን ወደ ታሪኩ ልግባ።

በእኛ አገር ጡት እንደዋዛ የሚታይ ነገር አይደለም። ቋንቋችንን ብቻ ተመልከቱ። ውለታ የበላ ሰው «ጡት ነካሽ» ነው። እናት ልጇ ሲበድላት ፍርድ ቤት አትሄድም፤ «ያጠባሁህ ጡቴ ይፋረድህ» ትላለች፤ ከዚያ በላይ እርግማን የለም። በቀድሞ ዘመን ጡት የፖለቲካ ማሰሪያም ነበር። ጥበቃ የሚፈልግ ሰው የአንድን ትልቅ ሰው ጡት፣ ወይም ማር የተቀባ ጣቱን፣ ጠብቶ «የጡት ልጅ» ይሆናል፤ ጌትየው ደግሞ «የጡት አባት»። ልብ በሉ፤ የወንድ ጡት እንኳ ዝምድና ይፈጥር ነበር። በአብያተ ክርስቲያናቱ ሥዕሎች ላይ እመቤታችን ልጇን ስታጠባ እናያለን። በጥምቀት ደግሞ ጎረምሳው የወደዳትን ልጅ ደረቷን በሎሚ ይመታል፤ ሎሚው የመጫ ጥያቄ ነው።

በአክሱም አካባቢ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ አንድ አፈ ታሪክም አለ። ዮዲት ጉዲት አገር ያጠፋችው ቂም ይዛ ነው፤ ቂሟም ካህናቱ ፈርደውባት ቀኝ ጡቷ በመቆረጡ ነው ይላል። ታሪክ ነው ብዬ አላስተምረውም። ነገር ግን በሕዝብ ትዝታ ውስጥ ጡት ላይ ቢላዋ ማሳረፍ ምን ትርጉም እንዳለው ይናገራል። ቅጣት ነው፣ ውርደት ነው። እናቴ «ቀዶ ሕክምና» የሚለውን ቃል ከአፌ ስትሰማ ለምን እንዳማተበች የገባኝ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ስዘረዝር አንድ ነገር ጎደለብኝ። የልጅ ጡት አለ፤ የባል ጡት አለ፤ የጌታ ጡት አለ፤ የሎሚ ወርዋሪው ጡት አለ። ተሸካሚዋስ? ስለ ክብደቱ፣ ስለ ትከሻዋ፣ ስለ ጀርባዋ የሚናገር አንድም አባባል ፈልጌ አላገኘሁም። ስለ እንስራ ክብደት ስንት ነገር ተብሏል፤ ስለ እንጨት ሸክም ስንት ነገር ተብሏል። ይሄኛው ሸክም ግን አልተመዘነም።

ታዲያ እኛ ብቻ እንዳንመስላችሁ። የውጪውም ዓለም ታሪክ ያው ነው።

ጡት ስለመቀነስ ከሚናገሩት የጥንት ጽሑፎች አንዱ የፓውሎስ ዘ ኤጊና ነው፤ በሰባተኛው መቶ ዘመን እስክንድርያ ውስጥ የሠራ ግሪካዊ ሐኪም። ቀዶ ሕክምናውን ደረጃ በደረጃ ጽፎታል። ለማን መሰላችሁ? ለወንድ! ጡቱ እንደ ሴት ያደገ ወንድ በሰው ፊት ስለሚያፍር መቆረጥ አለበት ነው የሚለው። የወንዱ ሐፍረት ሐኪም አገኘ፤ የሴቲቱ ጀርባ ግን ገና ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ መጠበቅ ነበረበት።

በ1669 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዊል ዱርስተን የተባለ ሐኪም ከእንግሊዝ አገር፣ ከፕሊማውዝ ከተማ፣ ለለንደን ሳይንሳዊ መጽሔት ደብዳቤ ላከ። ኤልዛቤት ትራቨርስ ስለምትባል ሃያ ሦስት ወይም ሃያ አራት ዓመት ስለሚሆናት ሴት ነው የጻፈው። ሐምሌ ላይ አንድ ምሽት ደህና ሆና ተኛች፤ ጠዋት ልትገላበጥ ብትል አልቻለችም። ጡቷ በአንድ ሌሊት አብጦ አልጋው ላይ ቸነከራት። ያን ዓመት ጥቅምት ላይ ሞተች። ከሞተች በኋላ የግራ ጡቷ ተቆርጦ ተመዘነ፤ 64 ፓውንድ፣ ወደ 29 ኪሎ ግድም ሆነ። የእሷ በሽታ እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው፤ ከእኔ ጋር አይወዳደርም። ግን አንድ ነገር አሳሰበኝ። በመጨረሻ ሚዛን ላይ የወጣላት ሴት አገኘሁ፤ ሚዛኑም የመጣው ከሞተች በኋላ ነው።

ለሴት የተደረገ የጡት መቀነስ ቀዶ ሕክምና ሲነሳ ቀድሞ የሚጠቀሰው የጀርመናዊው የዮሐን ፍሪድሪሽ ዲፈንባህ ሥራ ነው፤ የታተመውም በ1848 እ.ኤ.አ. ነው። ከፓውሎስ አሥራ ሁለት መቶ ዓመት በኋላ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ቀስ እያለ ሄደ። ትልቁ ችግር የጡት ጫፍ ነበር። ሥጋው ሲቀነስ ጫፉ ደም አጥቶ ይሞታል። በ1922 እ.ኤ.አ. የቺካጎው ሐኪም ማክስ ቶሬክ ጫፉን ጭራሹን ቆርጦ አንስቶ፣ ጡቱን አሳንሶ፣ እንደ ችግኝ መልሶ መትከልን አስተዋወቀ። ጡቱ ያንሳል፤ ማጥባት ግን ይቀራል፤ የጫፉ ስሜትም በአብዛኛው ይጠፋል።

ከሁሉ የሳበኝ የሮበርት ዋይዝ ታሪክ ነው። ይህ የቴክሳስ ሐኪም በ1956 እ.ኤ.አ. አዲስ የአቆራረጥ ንድፍ አሳተመ። ንድፉን ያገኘው ከየት ነው? ከልብስ ሰፊዎች! ጡት ማስያዣ እንዴት ተቆርጦ እንደሚሰፋ፣ ጠፍጣፋ ጨርቅ እንዴት ክብ እንደሚሆን አጥንቶ በቆዳ ላይ ሣለው። ይኸው ንድፍ እየተሻሻለ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በ1960 እ.ኤ.አ. ስዊድናዊው ስትሮምቤክ ደግሞ ጫፉ ሳይነቀል፣ ደም ከሚያመጣለት ሥጋ ጋር እንደተያያዘ ወደ ላይ የሚወጣበትን ዘዴ አሳወቀ። ይህን ባነበብኩ ጊዜ የሳሪሱ ልብስ ሰፊ ትዝ አለኝ። ለካ ትክክለኛውን ጥያቄ ነበር የጠየቀኝ! «በትከሻሽ ወይስ በደረትሽ?» ሐኪሞቹ በትከሻዋ አሉ። ጨርቁን ለደረቷ ከማስፋት ደረቷን ለትከሻዋ ልክ ማድረግ።

እዚህ ላይ አክስቴን ማስገባት አለብኝ። ነገሩን ስነግራት «ፕላስቲክ ሰርጀሪ» የሚለውን ሰማችና ደነገጠች። «ፕላስቲክ ሊያስገቡብሽ ነው? በስመ አብ! እሳት ፊት እንዴት ልትቆሚ ነው?» አለችኝ። ሳቅሁ፤ ግን ብዙ የተማረ ሰውም የሚያስበው እንደ እሷ ነው። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ቅርጽ መስጠት፣ እንደ ሸክላ ማበጀት ማለት ነው፤ ከጀሪካን ጋር ዝምድና የለውም። ሙያው በዘመናዊ መልኩ የጎለበተውም ለቁንጅና ተብሎ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፊታቸው በጥይትና በፍንጣሪ የተበላሸ ወታደሮችን ሃሮልድ ጊሊስ የተባለው ሐኪምና ባልደረቦቹ እንግሊዝ አገር ሲጠግኑ ነው ብዙው ዘዴ የተገኘው።

በእኛም አገር ቢሆን መንገዱ ያው ነው። አለርት በ1965 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ነበር፤ የታጠፈ ጣት ማቃናት፣ የወደቀ እግር ማንሳት የሥራው አንድ ክፍል ሆነ። የካቲት 12 ሆስፒታልን ደግሞ ብዙዎቻችን የምናውቀው በእሳት ለተቃጠሉ ሰዎች በሚሰጠው ሕክምና ነው። ወጥ የተደፋበት ሕፃን፣ ምድጃ ላይ የወደቀች የሚጥል በሽታ ያለባት ሴት... የእኛ ፕላስቲክ ሰርጀሪ ያደገው በእነዚህ ሰዎች ላይ ነው።

ይሄ ነው እኔን ለዓመታት ያሳፈረኝ። ከተቃጠለ ሕፃን ጀርባ ተሰልፌ «ጡቴ ከበደኝ» እላለሁ? ጤነኛ አይደለሁም እንዴ? ብዙ ሴቶች እንደዚህ ብለው እንደሚቀሩ እገምታለሁ። ሕመም በአገራችን ደረጃ አለው። ደም ከፈሰሰ ሕመም ነው፤ አልጋ ላይ ከጣለ ሕመም ነው። ቆሞ የሚያስኬድ ግን ጠባይ ነው፤ ቻይው ነው።

ባለፈው ዓመት ግን እጄ እየደነዘዘ ጠመኔው ከጣቴ ሲወድቅ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። የማልጠቅሰው ሐኪም ቤት ነው። መጀመሪያ ያገኘሁት ሰው «ውፍረት ቀንሺ» አለኝ። ከዚያ በፊት ዘጠኝ ኪሎ ቀንሼ ነበር፤ ፊቴ ከሳ፣ ጡቴ አልተነቃነቀም። ሁለተኛዋ ሐኪም ግን ትከሻዬን አየች። ቦዩን በጣቷ ዳሰሰችና «ስንት ዓመት ሆነሽ?» አለች። ያንን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። መልስ ከመስጠቴ በፊት እንባዬ ቀደመኝ።

ያስረዳችኝን ላካፍላችሁ፤ ለሌላዋም ይጠቅም ይሆናል። ቀዶ ሕክምናው ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቶ የሚሠራ፣ ሰዓታት የሚወስድ ነው። ጠባሳው ይቀራል፤ በጫፉ ዙሪያ፣ ወደ ታች፣ አንዳንዴም ከጡቱ ሥር እንደ መልሕቅ። ደም መፍሰስ፣ ቁስል ማመርቀዝ፣ የቁስሉ ቶሎ አለመጋጠም፣ የጫፉ ስሜት መቀነስ ሊያጋጥም ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚያጠቡ ብዙ ሴቶች አሉ፤ በከፊል ብቻ የሚያጠቡ አሉ፤ የማይችሉም አሉ። ዋስትና የሚሰጥ ሐኪም የለም። የሚወጣው ሥጋ ወደ ላቦራቶሪ ሄዶ ይመረመራል፤ የጡት ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከሚከሰቱት ካንሰሮች አንደኛው ስለሆነ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በአሜሪካ የተሠራና በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም አለ። እንደ እኔ ላሉ ሴቶች ክብደት መቀነስም ሆነ ልዩ ጡት ማስያዣ ዘላቂ እፎይታ አልሰጠም፤ ቀዶ ሕክምናው ግን ሕመሙን በእጅጉ ቀንሷል።

የሩማንያዋ ቴኒስ ተጫዋች ሲሞና ሃሌፕ በ2009 እ.ኤ.አ. በአሥራ ሰባት ዓመቷ ይህንኑ አድርጋ በ2018 የፈረንሳይን፣ በ2019 የዊምብልደንን ዋንጫ አንስታለች። እኔ ዋንጫ አልፈልግም። ስድስተኛ ክፍለ ጊዜን ቆሜ ባስተምር ይበቃኛል።

«ምን ያህል ነው የሚወጣው?» ብዬ ጠየቅሁ። «ከእያንዳንዱ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል» አለችኝ።

እናቴ ግን እሺ አልል አለች። «እግዜር የሰጠሽን! ሳትወልጂ! ነገ ልጅሽ ምን ሊጠባ ነው?» ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ባልም ልጅም የለኝም፤ ልወልድ ግን እፈልጋለሁ። እውነቱን ለመናገር የእሷ ጥያቄ የእኔም ጥያቄ ነው። ገና ላልመጣ ልጅ ብዬ ስንት ዓመት ልሸከም? ወይስ ለራሴ ትከሻ ብዬ ያንን ልጅ ልከልክለው? ይህንን የሚመልስ ሐኪምም መጽሐፍም አላገኘሁም።

አንድ እሑድ ከሰፈራችን ሱቅ ሁለት ኪሎ ስኳር ገዛሁ። በሁለት ፌስታል አድርጌ በነጠላ አሰርኩትና እናቴ ቡና ልታፈላ ስትቀመጥ አንገቷ ላይ አንጠለጠልኩት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«እማዬ፣ በረካው እስኪወርድ ብቻ ያዢልኝ።»

ሳቀች። «ሁለት ኪሎ ስኳር ልትፈትኚኝ? እኔ ልጅ አዝዬ ውኃ ቀድቻለሁ» አለች። ቡናውን ቆላች፤ ወቀጠች። አቦሉ ሲወርድ ነጠላውን አንዴ አስተካከለች። በቶናው ጊዜ አንገቷን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ አለች፤ ወሬዋም ቀነሰ። በረካውን ስትቀዳ እጇ ማንገቻው ሥር ገብቶ ነበር። ሲኒውን ለእኔ ሰጥታ ስኳሩን ቀስ ብላ አወለቀችና መሬት ላይ አኖረችው። ብዙ ዝም አለች።

ከዚያ ያልጠበቅሁትን ነገር ነገረችኝ። እናቴ በወጣትነቷ እዚሁ አደይ አበባ ክር ፋብሪካ ሠርታለች። መኪናው ላይ ጎንበስ ሲሉ እንዳያስቸግራት፣ ወንዶቹም እንዳያዩዋት፣ በየጠዋቱ ደረቷን በአቡጀዲ ጠፍራ ታስር ነበር። ማታ ስትፈታው ትንፋሿ የሚመለሰው ዘግይቶ ነው። «ታምሜ ነው ብዬ አላውቅም» አለች። «ለማን ይባላል? እናቴም እንደዚያው ነበረች።»

ሃያ ዓመት ሙሉ «ቀጥ በይ!» ትለኝ የነበረችው ሴት ራሷ ታስራ ነበር የኖረችው። እኔ የታሪክ አስተማሪዋ ፕሊማውዝና ቴክሳስ ድረስ ስሄድ እዚህ ሳሪስ፣ ከረከቦቱ ማዶ፣ ያልተጻፈ ታሪክ ተቀምጦ ነበር።

ቀዶ ሕክምናውን ላድርግ አላድርግ ገና አልቆረጥኩም። ትልቅ ጡት ያላት ሴት ሁሉ ታድርገው ማለቴም አይደለም፤ በጡቷ የምትኮራ፣ ምንም የማይከብዳት አለች፤ ይመቻት። የምለው አንድ ነገር ነው። አንዲት ሴት «ከበደኝ» ስትል ከመሳቃችንም፣ ከማማተባችንም፣ «የሰው ያላየሽ» ከማለታችንም በፊት «ስንት ዓመት ሆነሽ?» እንበላት። ሚዛኑ በሕይወት ሳለች ይምጣላት።

የጥምቀት ቀሚሴ ዘንድሮም በደረቴ ልክ ነው የተሰፋው፤ ትከሻው ወርዷል። ለብሼው ታቦት ልንሸኝ ስንወጣ እናቴ ከኋላዬ መጥታ የወረደውን ትከሻ በመርፌ ቁልፍ ያዘችልኝ። እየያዘችም በጆሮዬ ጠየቀችኝ፤

«ዕቁብሽ መቼ ነበር የሚወጣው?»